ስለ ራሳቸው የሚመሰክሩ ቁጥሮች

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)




ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ሁሉ አንድ ቀን ከተማሪው የሚቀርብለት ጥያቄ አለ። ተማሪው በደብተሩ ጠርዝ ላይ ቁጥሮችን ሲደምር፣ ሲገለብጥና ሲያቀያይር ቆይቶ አንድ የሚያስገርም ነገር ያገኛል፤ ከዚያም እጁን አውጥቶ «ይህ ለምን ሆነ?» ሲል ይጠይቃል። መምህሩም ጊዜ ስለሚያጥረው፣ ጥያቄውም በመርሐ ትምህርቱ ውስጥ ስለሌለ፣ «ጨዋታ ነው» ብሎ ያልፈዋል። የዚህ ንግግር ዓላማ እንዲህ ያለው ነገር መቼ ጨዋታ ሆኖ እንደሚቀር፣ መቼ ደግሞ ሒሳብ እንደሚሆን መመርመር ነው።

ለምርመራው የተመረጠው ጉዳይ ስለ ራሳቸው የሚመሰክሩ ቁጥሮች ጉዳይ ነው። እነዚህ ቁጥሮች የተጻፉባቸው አኃዞች ስለዚያው ስለ ጽሕፈታቸው አንድ ነገር ይናገራሉ። ተከሳሹም ምስክሩም አንድ በሚሆንበት ችሎት ቃሉ ሐሰት ሆኖ እንዳይገኝ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በዚህ ላይ የብቸኛ ቁጥሮች ነገር ሲጨመርበት፣ ጉዳዩ ከመዝናኛነት አልፎ የቁጥርን ባሕርይ እስከ መመርመር ይደርሳል። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሞ ማመልከት ይገባል።

ሰሙና ወርቁ

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ በመጀመሪያ ቁጥርንና የቁጥርን ጽሕፈት መለየት ያስፈልጋል። ቁጥር ማለት ብዛት ነው፤ አኃዝ ግን ያንን ብዛት ለዓይን የሚያቀርብ ምልክት ነው። ዐሥራ ሦስት በሬዎች 13 ተብለው ቢጻፉ፣ በግዕዝ አኃዝም ፲፫ ተብለው ቢጻፉ፣ ብዛታቸው አይጨምርም፤ አይጎድልምም። በቅኔ ቋንቋ ለመናገር፣ ጽሕፈቱ ሰም ነው፤ ብዛቱ ወርቅ ነው።

ብቸኛ ቁጥር የሚባለው ከ1 የሚበልጥና ከ1ና ከራሱ በቀር በሌላ ሙሉ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል ቁጥር ነው። 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13 ወዘተ. የዚህ ወገን ናቸው። ይህ ጠባይ የወርቁ ጠባይ ነው። ዐሥራ ሦስት በሬዎችን በእኩል ረድፍ ለማሰለፍ የሚፈልግ ሰው ሁሉንም በአንድ ረድፍ ካላቆመ ወይም በየረድፉ አንድ አንድ ካላደረገ በቀር አይሳካለትም፤ በምንም ዓይነት አኃዝ ቢጽፋቸው ይህ አይለወጥም። የግሪኩ ሊቅ ኤውክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ የብቸኛ ቁጥሮች ብዛት ማለቂያ እንደሌለው ሲያረጋግጥ፣ ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት አኃዞች ገና አልተፈጠሩም ነበር። ማረጋገጫው ግን እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል።

የአኃዞች ድምር ግን የሰሙ ጠባይ ነው። 13 በተለመደው አጻጻፍ ሲታይ የአኃዞቹ ድምር 1 + 3፣ ማለትም 4 ነው። ያው ብዛት በዐሥር በዐሥር መጠቅለሉ ቀርቶ በስምንት በስምንት ቢጠቀለል አንድ ስምንትና አምስት ትርፍ ስለሚሆን 15 ተብሎ ይጻፋል፤ የአኃዞቹም ድምር 6 ይሆናል። በዐሥር በዐሥር የሚጠቀለለው አጻጻፍ ከዚህ በኋላ «ዐሥር ቤት» ይባላል፤ በስምንትና በዘጠኝ የሚጠቀለሉትም እንዲሁ «ስምንት ቤት» እና «ዘጠኝ ቤት» ይባላሉ።

የሃርዲ ወቀሳ

ይህ ልዩነት ለሒሳብ ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ግልጽ ስለነበረ፣ በአኃዞች ላይ የተመሠረተ ጥያቄን የሚንቁ ብዙዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ እንግሊዛዊው ጂ. ኤች. ሃርዲ ነበር። ሃርዲ በ1940 ባሳተመው «የአንድ የሒሳብ ሰው መከላከያ» በተባለው መጽሐፉ ሁለት ምሳሌዎችን አቅርቧል። ከባለ አራት አኃዝ ቁጥሮች መካከል የራሳቸው ግልባጭ ብዜት የሆኑት 8712ና 9801 ብቻ ናቸው፤ የመጀመሪያው የ2178 አራት እጥፍ፣ ሁለተኛው የ1089 ዘጠኝ እጥፍ ነው። ሁለተኛው ምሳሌ ደግሞ የአኃዞቻቸው ሣልሳዊ ኃይሎች ድምር ስለሆኑ ቁጥሮች የሚናገር ሲሆን፣ 153 ከእነዚህ አንዱ ነው። ሃርዲ እንዲህ ያሉ ነገሮች ለጋዜጣ የእንቆቅልሽ ዓምድ የሚስማሙ ናቸው እንጂ የሒሳብን ሰው የሚማርክ አንዳች ነገር የለባቸውም ሲል ፈርዷል። ምክንያቱም ከነጠላ አጋጣሚነት አልፈው ወደ ሌላ እውነት የሚያሸጋግሩ አይደሉም።

ፍርዱ ከባድ ነው፤ በተጠቀሱት ምሳሌዎች ላይ ትክክልም ነው። ይሁን እንጂ ከአኃዝ ጋር የተያያዘ ጥያቄ ሁሉ በዚያው ፍርድ ሊጠቃለል ይገባዋል ወይ? ይህን ለማወቅ ምሳሌዎቹን አንድ በአንድ መመልከት ይሻላል።

እውነተኛው ምስክር

1210 የሚለውን ቁጥር ብንወስድ፣ የመጀመሪያው አኃዝ «በእኔ ውስጥ አንድ 0 አለ» ይላል፤ ሁለተኛው «ሁለት 1 አለ» ይላል፤ ሦስተኛው «አንድ 2 አለ»፤ አራተኛው ደግሞ «3 የለም» ይላል። አራቱም ቃሎች እውነት ናቸው። እንዲህ ያለ ቁጥር ራሱን ገላጭ ሊባል ይችላል። 2020ም እንዲሁ ነው፤ ሁለት 0ና ሁለት 2 አሉት፤ 1ና 3 የሉትም። በዐሥር ቤት ያሉት ራሳቸውን የሚገልጹ ቁጥሮች ሰባት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም 1210፣ 2020፣ 21200፣ 3211000፣ 42101000፣ 521001000 እና 6210001000 ናቸው።

በዚህ ምሳሌ ለተማሪ የሚጠቅም ትልቅ ቁም ነገር አለ። ባለ አንድ አኃዝ የሆነ ራሱን ገላጭ ቁጥር ለምን አልተገኘም? 0 ተብሎ ቢጻፍ «በእኔ ውስጥ 0 የለም» ማለቱ ነው፤ ነገር ግን እርሱ ራሱ 0 ነውና ዋሸ። 1 ተብሎ ቢጻፍ «በእኔ ውስጥ አንድ 0 አለ» ማለቱ ነው፤ ነገር ግን 0 የለበትምና አሁንም ዋሸ። 2ም ሆነ ከዚያ የሚበልጥ አኃዝ ቢጻፍ እንዲሁ በሌለ 0 ይመሰክራል። ስለሆነም አንድን ነገር በቃል መበየን ብቻውን ያ ነገር እንዲኖር አያደርገውም። ትርጓሜ ከተሰጠ በኋላ «አለን?» ብሎ መጠየቅ የሒሳብ የመጀመሪያ ግዴታ ነው።

ከሰባቱ መካከል ብቸኛ ቁጥር አለ ወይ የሚል ጠያቂ ቢነሣ መልሱ በዓይን ይታያል። ሁሉም በ0 ስለሚያልቁ ሁሉም በ10 ይካፈላሉ። ስለ ራሳቸው እውነቱን ይናገራሉ፤ ብቸኛ ግን አይደሉም።

ራስን የመግለጽ ሐሳብ ከነጠላ ቁጥር ወደ ማለቂያ የሌለው የቁጥር ተርታ ሲሸጋገር ጥልቀቱ ይጨምራል። አሜሪካዊው ሰሎሞን ጎሎምብ በ1966 ያቀረበው ተርታ 1፣ 2፣ 2፣ 3፣ 3፣ 4፣ 4፣ 4፣ 5፣ 5፣ 5፣ 6፣ 6፣ 6፣ 6 እያለ ይቀጥላል። የተርታው ሕግ አንድ ነው፤ በ1ኛው ስፍራ ያለው ቁጥር 1 ስንት ጊዜ እንደሚጻፍ፣ በ2ኛው ስፍራ ያለው 2 ስንት ጊዜ እንደሚጻፍ፣ በ3ኛው ስፍራ ያለውም 3 ስንት ጊዜ እንደሚጻፍ ይናገራል። የዚህ ተርታ የዕድገት መጠን በትክክል የታወቀ ሲሆን፣ በቀመሩ ውስጥ ወርቃማው ውድር የተባለው ቁጥር ይገኛል። በሰም የተጀመረው ነገር ሳይታሰብ ወደ ወርቅ አደረሰ ማለት ነው።

በ1ና በ2 ብቻ የሚጻፍ ሌላ ተርታም አለ፤ 1፣ 2፣ 2፣ 1፣ 1፣ 2፣ 1፣ 2፣ 2፣ 1፣ 2፣ 2፣ 1፣ 1 እያለ ይሄዳል። በዚህ ተርታ ውስጥ ተከታትለው የሚገኙት ተመሳሳይ ምልክቶች በየቡድናቸው ቢቆጠሩ፣ የቡድኖቹ ብዛት ያንኑ ተርታ መልሶ ይሰጣል። ሩፉስ ኦልደንበርገር በ1939 የመረመረው ሲሆን፣ ዛሬ የሚጠራው ግን በ1965 እንደ ጥያቄ ባቀረበው በዊልያም ኮላኮስኪ ስም ነው። ተርታው እየረዘመ በሄደ ቁጥር የ1ዎቹ ብዛት ወደ ግማሽ ይጠጋ እንደሆነ እስከ ዛሬ ያረጋገጠ የለም። የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሊጽፈው የሚችለው ተርታ ሊቃውንቱን ሁሉ አስቸግሯል።

ተርታን በእጅ መሥራት

ከዚህ ቀጥሎ በአኃዞችና በብቸኛ ቁጥሮች ላይ የተመሠረተ አንድ ተርታ በእጅ ተሠርቶ ይታያል። በክፍል ውስጥ ከጥቁር ሰሌዳና ከጠመኔ በቀር ሌላ መሣሪያ አያስፈልገውም።

ከ0 እስከ 9 ካሉት አኃዞች ብቸኛ የሆኑት አራት ናቸው፤ እነርሱም 2፣ 3፣ 5ና 7 ናቸው። የሚፈለገው እየጨመረ የሚሄድ ተርታ ነው። የተርታው አባላት በሙሉ ሳይነጣጠሉ ጎን ለጎን ቢጻፉና አኃዞቹ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቢቆጠሩ፣ ብቸኛ አኃዞች የሚገኙባቸው ስፍራዎች እነዚያው የተርታው አባላት መሆን አለባቸው፤ ከእነርሱም ሌላ ስፍራ ላይ ብቸኛ አኃዝ መገኘት የለበትም። በየእርምጃው የሚመረጠው ከሚቻሉት ሁሉ ትንሹ ቁጥር ነው።

የመጀመሪያው አባል 1 ይሁን ቢባል «በ1ኛው ስፍራ ብቸኛ አኃዝ አለ» ማለት ይሆናል፤ በዚያ ስፍራ ያለው ግን 1 ራሱ ስለሆነና 1 ብቸኛ ስላልሆነ ቃሉ ሐሰት ነው። 2 ይሁን ቢባል በ1ኛው ስፍራ ብቸኛ አኃዝ ተቀመጠ፤ ተርታው ግን ከ2 ስለሚጀምር 1ን አልጠቀሰም፤ ስለዚህ እውነቱን ደብቋል። 3ም በዚሁ ምክንያት ይወድቃል። 4 ግን ይቆማል፤ እርሱ ራሱ ብቸኛ አይደለም፤ የሚናገረውም ገና ስላልተጻፈው ስለ 4ኛው ስፍራ ነው።

2ኛውና 3ኛው ስፍራ ብቸኛ አኃዝ ሊይዙ አይገባም። ስለዚህ 5 ታልፎ 6 ይጻፋል፤ 7ም ታልፎ 8 ይጻፋል። አሁን 4ኛው ስፍራ ደረሰ፤ ይህም በቃሉ መሠረት ብቸኛ አኃዝ ይፈልጋል። 9 ስለማይሆን፣ በ1 የሚጀምሩትም ስለማይሆኑ፣ ተርታው ወደ 20 ይዘላል፤ 2 በ4ኛው፣ 0 በ5ኛው ስፍራ ይቀመጣሉ። ከዚያ 21፣ ከዚያ 24 ይከተላሉ፤ 6ኛውና 8ኛው ስፍራ 2ን አገኙ ማለት ነው። ከ9ኛው እስከ 19ኛው ስፍራ ብቸኛ አኃዝ ስለማይፈቀድ 40፣ 41፣ 44፣ 46፣ 48 ይመጣሉ። 20ኛውና 21ኛው ስፍራ ሁለቱም ብቸኛ አኃዝ ስለሚፈልጉ 52 ይገባል። ተርታው እንዲህ ይሆናል፦

4፣ 6፣ 8፣ 20፣ 21፣ 24፣ 40፣ 41፣ 44፣ 46፣ 48፣ 52፣ 60፣ 70፣ 80፣ 81፣ 84፣ 86፣ 88፣ 89፣ 90፣ 220 …

90 ላይ ሲደረስ 39 አኃዞች ተጽፈዋል። ቀጣዮቹ 40ኛውና 41ኛው ስፍራ ሁለቱም ብቸኛ አኃዝ ይሻሉ፤ ከ90 የሚበልጥና በሁለት ብቸኛ አኃዞች የሚጻፍ ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥር ግን የለም። መውጫው ወደ ሦስት አኃዝ ማለፍ ነው፤ 42ኛው ስፍራ ብቸኛ ስለማይፈልግ 220 ይገኛል። በዚህ የተነሣ ተርታው ከ90 ወደ 220 ይፈናጠራል። ዝላዩ የመጣው ከተርታው ውጭ አይደለም፤ አስቀድሞ የሰጠው ቃል አስገድዶት ነው።

ተርታው አንድ ቀን መንገድ አጥቶ ይቆም ይሆን? የሚፈለገው የአኃዝ ዓይነት አስቀድሞ በታወቀ ጊዜ ሁሉ ቀጣይ አባል ይገኛል። በተያዘው የአኃዝ ብዛት የሚስማማ ቁጥር ቢጠፋ አንድ አኃዝ መጨመር ይቻላል፤ የአኃዝ ብዛቱ የጨመረ ቁጥር ደግሞ ምንጊዜም ካለፈው ይበልጣል። ብቸኛ ለሚያስፈልገው ስፍራ አራት ምርጫዎች አሉ፤ ብቸኛ ለማያስፈልገው 0፣ 1፣ 4፣ 6፣ 8ና 9 አሉ፤ በመነሻም ላይ 0 ቢከለከል አምስቱ ይቀራሉ። የሚፈለገው የአኃዝ ዓይነት አስቀድሞ የሚታወቀውም አባላቱ ከሚጻፉበት ስፍራ ርቀው ስለሚሄዱ ነው፤ 220 የተጻፈው ከ40ኛው እስከ 42ኛው ስፍራ ሲሆን የሚናገረው ግን ስለ 220ኛው ስፍራ ነው። ይህ ቅድሚያ እስከ መጨረሻው ተጠብቆ መኖሩን በጥብቅ መመርመር ለጎበዝ ተማሪ የሚገባ ሥራ ነው። አዝናኝ መስሎ የቀረበው ነገር ትርጓሜን፣ ኅልውናንና ማረጋገጫን በአንድ የትምህርት ሰዓት አስተማረ።

የዴቭላሊው መምህር

በአኃዝ ጥያቄዎች ታሪክ ውስጥ ለመምህራን ማኅበር ልዩ ትርጉም ያለው አንድ ሰው አለ። ዲ. አር. ካፕረካር በ1905 በሕንድ አገር ተወለደ። የመጀመሪያ ዲግሪውን በ1929 ካገኘ በኋላ ከ1930 እስከ 1962 በዴቭላሊ ከተማ የትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ኖረ፤ ከዚህ በላይ ዲግሪ አልነበረውም። በ1949 የደረሰበት ቁጥር 6174 ዛሬ በስሙ ይጠራል። አኃዞቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ያልሆኑ ማንኛውም ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ይወሰድ፤ አኃዞቹ ከትልቅ ወደ ትንሽ ከተደረደሩት ላይ ከትንሽ ወደ ትልቅ የተደረደሩት ይቀነሱ፤ ይህም ይደጋገም። ከሰባት ያልበለጡ እርምጃዎች 6174 ላይ ያደርሳሉ። ለምሳሌ 2013 ሲወሰድ፣ ከ3210 ላይ 0123 ሲቀነስ 3087፤ ከ8730 ላይ 0378 ሲቀነስ 8352፤ ከ8532 ላይ 2358 ሲቀነስ 6174 ይሆናል።

ለዚህ ንግግር የሚቀርበው ግን ሌላው ግኝቱ ነው። ማንኛውም ቁጥር ላይ የራሱ አኃዞች ድምር ቢጨመርበት አዲስ ቁጥር ይወለዳል። 10 ላይ 1 ሲጨመር 11 ይወለዳል፤ 11 ላይ 2 ሲጨመር 13 ይወለዳል። የ11 ወላጅ 10 ነው፤ የ13 ወላጅ 11 ነው። ሁለት ወላጆች ያሉት ቁጥርም አለ፤ 101 ከ91ም ከ100ም ይወለዳል። አንዳንድ ቁጥሮች ግን ከማንም አይወለዱም። 20ን ብንመረምር፣ ከ14 የሚወለደው 19 ነው፤ ከ15 የሚወለደው 21 ነው፤ በሌላም በኩል 20ን የሚወልድ አይገኝም። ካፕረካር እነዚህን በራሳቸው የተወለዱ ቁጥሮች አላቸው። እስከ 100 ድረስ ያሉት 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9፣ 20፣ 31፣ 42፣ 53፣ 64፣ 75፣ 86ና 97 ናቸው። ከእነዚህ መካከል ብቸኛ የሆኑት 3፣ 5፣ 7፣ 31፣ 53ና 97 ናቸው።

በሕንድ ከነበሩት የሒሳብ ሊቃውንት ብዙዎቹ ሥራውን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። በዓለም ደረጃ የታወቀው አሜሪካዊው ጸሐፊ ማርቲን ጋርድነር በ1975 «ሳይንቲፊክ አሜሪካን» በተባለው መጽሔት ስለ እርሱ ከጻፈ በኋላ ነው። ካፕረካር በ1986 ዐረፈ። የተወላቸው ጥያቄዎች ግን በሌሎች እጅ ገቡ፤ በ1982 ኢጣሊያዊው ኡምቤርቶ ዛኒየር ወላጅ አልባዎቹ ቁጥሮች ከቁጥሮች ሁሉ መካከል ከዜሮ የሚበልጥ ቋሚ ድርሻ እንዳላቸው አረጋግጧል።

የቤት መለወጥ ፈተና

አሁን የሃርዲን ወቀሳ በካፕረካር ቁጥሮች ላይ መፈተን ይቻላል። ጽሕፈቱ ከዐሥር ቤት ወደ ዘጠኝ ቤት ቢዛወር ምን ይሆናል? በዘጠኝ ቤት የቦታ ዋጋዎቹ 1፣ 9፣ 81፣ 729 ወዘተ. ናቸው፤ ሁሉም ለሁለት የማይከፈሉ፣ ማለትም ኢተጋማሽ ናቸው። ስለዚህ በዚያ ቤት አንድ ቁጥር ተጋማሽ ከሆነ የአኃዞቹም ድምር ተጋማሽ ይሆናል፤ ኢተጋማሽ ከሆነ ድምሩም ኢተጋማሽ ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ ውጤቱ ምንጊዜም ተጋማሽ ነው። እንግዲህ በዘጠኝ ቤት ኢተጋማሽ ልጅ ከቶ አይወለድም፤ ኢተጋማሽ ቁጥሮች በሙሉ ወላጅ አልባ ናቸው። ከ2 በቀር ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ኢተጋማሽ ስለሆኑ፣ በዐሥር ቤት ጥቂት የነበሩት ወላጅ አልባ ብቸኛ ቁጥሮች በዘጠኝ ቤት ከ2 በቀር ብቸኛ ቁጥሮችን በሙሉ ያጠቃልላሉ። በኤውክሊድ ማረጋገጫ መሠረትም ማለቂያ የላቸውም።

ወደ ግዕዝ አኃዝ ስንመለስ ሌላ አስደናቂ ነገር ይታያል። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፤ ከ፩ እስከ ፱፣ ከ፲ እስከ ፺ ለየራሳቸው ምልክት አላቸው፤ ፻ና ፼ም እንዲሁ። 97 በግዕዝ ፺፯ ነው፤ ይህም ዘጠናና ሰባት ማለት ነው። የምልክቶቹ ዋጋ ቢደመር 97 ራሱን ይሰጣል። ከመቶ በታች ላለ ለማንኛውም ቁጥር ይህ እውነት ስለሆነ፣ ቁጥሩ ላይ የምልክቶቹን ድምር መጨመር ማለት ቁጥሩን ማጠፍ ማለት ነው። ስለዚህ በግዕዝ ጽሕፈትም ከመቶ በታች ያሉት ኢተጋማሽ ቁጥሮች ሁሉ ወላጅ አልባ ይሆናሉ። 97 በሁሉም ጽሕፈት ብቸኛ ሆኖ ሲገኝ፣ 13 ግን በዐሥር ቤት ወላጅ አለው፤ በግዕዝ የለውም። ሰሙ ሲለወጥ ምን እንደሚፈርስና ምን እንደሚጸና ከዚህ የበለጠ በግልጽ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ግን አለ። ወላጅ አልባነት የሰም ጠባይ መሆኑን ያሳየው ማረጋገጫ ራሱ የወርቅ ነው። ኢተጋማሽ በሆነ ቤት ሁሉ፣ በሦስትም ቢሆን በዘጠኝ ወይም በዐሥራ አንድ፣ ያው ማረጋገጫ ይሠራል። ሃርዲ የነቀፈው ነጠላውን አጋጣሚ ነው፤ አጋጣሚውን ወደ ጠቅላላ ሕግ የሚያደርሰው ጥያቄ ግን ከነቀፋው ውጭ ነው።

ከጨዋታ ወደ ጥልቀት

ከሃርዲ መጽሐፍ በኋላ የታየው ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። በ1946 አርተር ኮፕላንድና ፖል ኤርዶስ ብቸኛ ቁጥሮችን ከነጥብ በኋላ በተርታ ጽፈው 0.2357111317 … የሚለውን ቁጥር መረመሩ፤ በዚህ ቁጥር ውስጥ እያንዳንዱ አኃዝ በመጨረሻ እኩል ድርሻ እንዳለው፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት አኃዝ ጥምሮችም እንዲሁ በየደረጃቸው እኩል እንደሚገኙ አረጋገጡ።

በ1968 የሶቪየቱ ሊቅ አሌክሳንደር ጌልፎንድ ስለ ብቸኛ ቁጥሮች የአኃዝ ድምር አንድ ጥያቄ አነሣ። የአኃዞቻቸው ድምር ተጋማሽ የሆነና ኢተጋማሽ የሆነ ብቸኛ ቁጥሮች በስተመጨረሻ እኩል ድርሻ አላቸው ወይ? መልሱ ከአርባ ዓመት በላይ ቆየ፤ ፈረንሳውያኑ ክርስቲያን ሞዲዊና ዦኤል ሪቫ በ2010 ባሳተሙት ጽሑፍ አዎን፣ እኩል ናቸው ሲሉ አረጋገጡ። ጥያቄው ስለ ሦስት ቢሆን ኖሮ ግን መልሱ ሌላ ነበር፤ ምክንያቱም የአኃዞቹ ድምር በ3 የሚካፈል ቁጥር ራሱም በ3 ይካፈላልና፣ ከ3 በቀር እንዲህ ያለ ብቸኛ ቁጥር የለም። ልጆች በአንደኛ ደረጃ የሚማሩት የመካፈል ሕግ በዚህ ትልቅ ማረጋገጫ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይገኛል።

እንግሊዛዊው ጄምስ ሜይናርድም በ2019 ባሳተመው ሥራ ከዐሥሩ አኃዞች አንዱ፣ ለምሳሌ 7፣ ፈጽሞ የማይገኝባቸው ብቸኛ ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው አሳየ። ሜይናርድ በብቸኛ ቁጥሮች ላይ ስላደረጋቸው ምርምሮች በ2022 የፊልድስን ሜዳይ ተሸልሟል። አንድ አኃዝ የጎደላቸው ቁጥሮች እየበዙ ሲሄዱ ከጠቅላላው መካከል ድርሻቸው ወደ ኢምንት ስለሚወርድ፣ በዚያ ጠባብ መንገድ ብቸኛ ቁጥሮችን ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነበር። የዚህ ሁሉ ችግር ምንጭ ሰሙና ወርቁ በአንድ ጥያቄ ውስጥ መገናኘታቸው ነው። ብቸኛነት ከማባዛት የሚመነጭ ሲሆን፣ አኃዝ ግን ከመደመርና ከመጠቅለል የሚመነጭ ነው፤ ሁለቱ በቀላሉ አይነጋገሩም። እንዲነጋገሩ ማድረግ ከባድ የሒሳብ ሥራ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት

ክቡራን ባልደረቦች፤

ተማሪ ከደብተሩ ጠርዝ ላይ ይዞት የሚመጣው የአኃዝ ነገር ሦስት ጥያቄዎች ሊቀርቡለት ይገባል። የመጀመሪያው «የተባለው ነገር አለን?» የሚል ነው፤ ባለ አንድ አኃዝ የሆነው ራሱን ገላጭ ቁጥር የወደቀው በዚህ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው «እስከ ምን ድረስ ይቀጥላል፤ ስለምንስ ይቀጥላል?» የሚል ነው፤ በእጅ የተሠራው ተርታ የተፈተነው በዚህ ነው። ሦስተኛው «ቤቱ ሲለወጥ ምን ይቀራል?» የሚል ነው፤ በዘጠኝ ቤትና በግዕዝ አኃዝ የተደረገው ፈተና ይህ ነበር። በሦስቱም ያላለፈ ነገር በጨዋታነቱ ሊወደድ ይችላል፤ አልፎ የተገኘው ግን ሒሳብ ነው።

መምህሩ «ጨዋታ ነው» ብሎ በአንድ ቃል ሲያልፍ የሚጠፋው ጊዜ አይደለም፤ ተማሪው ነው። ያ ተማሪ የጠየቀው ጥያቄ መልስ ያለው መሆኑን ሳያውቅ፣ መጠየቅ ዋጋ የለውም የሚለውን ትምህርት ይዞ ይወጣል። በአንጻሩ መምህሩ ነገሩን ሁሉ እያደነቀ ቢቀበልም ጉዳቱ አያንስም፤ ተማሪው አጋጣሚንና ሕግን ሳይለይ ያድጋልና። የሚያስፈልገው ማድነቅም መናቅም ሳይሆን መፈተን ነው። ሦስቱን ጥያቄዎች ለማቅረብ የትምህርቱ ሰዓት ግማሽ አይፈጅም፤ ከቁጥርና ከጠመኔ ሌላም ወጪ የለውም።

የዴቭላሊው መምህር ከሠላሳ ዓመት በላይ ያስተማረው በትምህርት ቤት ነው፤ የጠየቀውንም በትልቅ ተቋም ውስጥ ሆኖ አልጠየቀም። ሊቃውንቱ ያላዩትን ያየው ቁጥሮቹን ደጋግሞ በመጻፍና በመመርመር ነበር። እንዲህ ያለ ዓይን ያለው ልጅ በዚህ ማኅበር አባላት ክፍል ውስጥ በማንኛውም ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። ሲጠይቅ የሚሰማው መምህር ማግኘት አለማግኘቱ ግን በቁጥሮች ጠባይ ሳይሆን በመምህሩ የሚወሰን ነው።